በወረቀት ላይ አርባ ቀን ቀነስኩ፤ አሁን እንቅልፍ አጣሁ

ጥያቄ

ሰላምዎ ይብዛ። የ27 ዓመት ወጣት ነኝ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ፣ ደሴ በሚገኘው በአጎቴ የግንባታ ድርጅት ውስጥ የሳይት መሐንዲስ ሆኜ እሠራለሁ። አባቴ በልጅነቴ ስለሞተ ያሳደጉኝም ያስተማሩኝም አጎቴ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው።

አሁን በኩታበር በኩል በአንዲት የገጠር ቀበሌ ባለ አራት መማሪያ ክፍል ሕንፃ እየሠራን ነው። ጎን ለጎን የሚሠራ መጸዳጃ ቤትም አለ። መሠረቱና ግሬድ ቢሙ (መሠረቱ ላይ የሚያርፈው አግዳሚ አርማታ) አልቋል። በእኔ ስሌት ከግንቦት 5 ጀምሮ 160 ቀን ይቀረዋል። ጥቅምት 10 ላይ ያልቃል ማለት ነው። ውሉም እስከ ጥቅምት መጨረሻ ይፈቅዳል። እስካሁን ብዙ አልዘገየንም።

ጋሼ ግን በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስተው «ልጆቻችሁ መስከረም ላይ በአዲሱ ክፍል ይማራሉ፤ ጳጉሜ ሳያልቅ ቁልፉን አስረክባለሁ» አሉ። ሰው አጨበጨበ። ሽማግሌዎች መረቁ። ማታ ጠርተው «አርባ ቀን ቀንሺልኝ» አሉኝ። አይሆንም ማለት ከበደኝ። ሌሊቱን ኤክሴሉን ከፍቼ እያንዳንዱን ሥራ ሩብ ሩቡን ቆረጥኩለት። ጳጉሜ 5 ላይ አረፈ። ጋሼ ወረቀቱን ሲያዩ ግንባሬን ሳሙኝ። አሁን ላገኙት ሰው ሁሉ ያሳያሉ።

ፎርማናችን የአባቴ እኩያ ናቸው። ወረቀቱን አይተው «ይኼን ማን ይሠራዋል?» ብለው ሳቁ። ጋሼ ሰው ይጨመር ስላሉ 15 የቀን ሠራተኛ መጣ። ያለን ሚክሰር (አርማታ ማደባለቂያ) ግን አንድ ነው፤ ግማሹ ሰው ቆሞ ይውላል። ይባስ ብሎ ጋሼ «የላይኛው ቢም ሲሞላ ከሥሩ ያለውን ድጋፍ በአምስት ቀን እናነሳዋለን» ማለት ጀምረዋል። እውነቱን ብናገር ያሳደጉኝን ሰው በአገር ፊት ላሳፍር ነው። ዝም ብል ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ ሕፃናት ይገባሉ። ጊዜን በእውነት ማሳጠር ይቻላል? ለጋሼስ እንዴት ልንገራቸው? የሥራውን ዝርዝር ከደብዳቤው ጋር ልኬያለሁ።

ሰ. ነኝ፣ ከደሴ

መልስ

አብሽሪ እህቴ። ማንም ሳይደርስብሽ፣ ማንም ሳይጠይቅሽ ነው ይኼን የጻፍሽው። ዝም ብትዪ ለጊዜው የሚያውቅብሽ አልነበረም። እንቅልፍ የነሳሽ ነገር ጥሩ ነገር ነውና አትፍሪው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋሼ ያሉሽ «አርባ ቀን ቀንሺልኝ» ነው። ወረቀቱን ስታሳዪያቸው አርባው ቀን ከየት እንደመጣ ነግረሻቸዋል? እሳቸውስ ጠይቀውሻል? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ ይኼ ወሬ በመካከላችሁ ገና አልተነሳም። እሳቸው የተማረች ልጃቸው አስባበት የሠራችው መስሏቸዋል። አንቺ ደግሞ አይሆንም ማለት ውለታ መርሳት መስሎሻል። ግን ያስተማሩሽ ለምን ነበር? እሳቸው የማያዩትን የምታይላቸው ሰው አጠገባቸው እንድትኖር ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ጊዜ ይቀነሳል፣ አዎ። ግን ከሁሉም ሥራ ላይ እኩል አይቀነስም።

የላክሽው ዝርዝር ይኼ ነው። ግንብና ኮለን (ቋሚ የአርማታ ምሰሶ) 35 ቀን፣ ቶፕ ታይ ቢም (ግንቡን ከላይ የሚያስረው አግዳሚ አርማታ) ከነመጠበቂያው 20፣ የጣሪያ ትረስ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው ማዕቀፍ) ማዘጋጀት 18፣ ትረሱን ሰቅሎ ቆርቆሮ ማልበስ 12፣ ልስን 28፣ ወለል 15፣ በርና መስኮት መግጠም 7፣ ቀለም 15፣ ማስተካከያና ርክክብ 10። ድምሩ 160። ልብ አልሽው? ሁሉም አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንዲጀምር ተደርጎ ነው የተደረደረው። መጸዳጃ ቤቱና የበርና መስኮት ብየዳው ብቻ ናቸው ጎን ለጎን የሚሄዱት።

ማለቂያውን ቀን የሚይዘው ረጅሙ ሰንሰለት ነው። በትምህርት ቤት ክሪቲካል ፓዝ ተብሎ የተማርሽው። ይህ ስሌት ራሱ የተወለደው አንቺ ዛሬ ከያዝሽው ጥያቄ ነው። በ1957 እንደ ፈረንጆቹ የዱፖንት ኬሚካል ኩባንያው ሞርጋን ዎከር እና የኮምፒውተር አምራቹ የሬሚንግተን ራንድ ባልደረባ ጄምስ ኬሊ የፋብሪካ ግንባታና ጥገና እንዴት በትንሽ ተጨማሪ ወጪ እንደሚያጥር ለማወቅ ሲሞክሩ ነው የሠሩት። ያገኙት መልስ ለአንቺም ይሠራል። ሰንሰለቱ ላይ የሌለን ሥራ ብታፋጥኚው ገንዘብሽ ይሄዳል እንጂ ማለቂያው ቀን ንቅንቅ አይልም። መጸዳጃ ቤቱን በእጥፍ ሰው ብታስጨርሺው ልጆቹ አንድ ቀን ቀድመው ክፍል አይገቡም።

ሰንሰለቱ ላይ ያለውን ሥራ ለማሳጠር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ተከታትለው የሚሄዱ ሥራዎችን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። ፋስት ትራኪንግ ይሉታል። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ከፍሎ ቀን መግዛት ነው። ሰው፣ መሣሪያ ወይም የትርፍ ሰዓት ትጨምሪያለሽ። ክራሺንግ የሚባለው እሱ ነው። ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሪ። የጋሼ ኪስ ሳይነካ የሚገኘው ቀን እዚያ ነው ያለው።

ከሁሉ በፊት ትረሱን ተመልከቺ። ግንቡ አልቆ፣ ቢሙ ደርቆ፣ ከዚያ በኋላ 18 ቀን ትረስ መሥራት ምን ያደርጋል? ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ባለ ወርክሾፕ ውስጥ ግንቡ እየተነሳ ሊበየድ ይችላል። አንድም ሰው ሳትጨምሪ 18 ቀን አገኘሽ። አደጋው ልኩ ነው። ኮለኑ ትንሽ ከሳተ የተበየደው ትረስ አይገጥምም። ስለዚህ ልኩን ከፕላኑ ብቻ አትስጪ። ሜትር ይዘሽ ከፎርማኑ ጋር ሳይቱ ላይ ለኪው። መጀመሪያ አንድ ትረስ ብቻ ይሠራና ይሞከር፤ ሌላው ከዚያ ይቀጥል። በርና መስኮቱንም እንዲሁ አድርጊ። አሁን ሰንሰለቱ ላይ የለም፤ ዘግይቶ ከታዘዘ ግን ይገባበታል። አንድ ልክ ወስኚ፣ ለግንበኞቹ የልኩን ፍሬም ስጫቸው፣ ክፍተቱን በእሱ ይተዉ።

ወለሉም አለ። አራቱ ክፍል ተለስኖ እስኪያልቅ ወለል ለምን ይጠብቃል? ሁለቱ ክፍል ሲለሰን የወለል ሠራተኛ እዚያ ይግባ፣ ለሳኞቹ ወደ ሌሎቹ ሁለት ይለፉ። ከ15 ቀን ወደ 8 ይወርዳል። 7 ቀን ማለት ነው። የጋሪ መተላለፊያው ግን የተለየ ይሁን፤ አለበለዚያ ትኩስ ወለል ላይ እየተሄደበት ሥራው ሁለት ጊዜ ይሠራል።

እስካሁን 25 ቀን አገኘን። ገንዘብ አልከፈልንም።

ክፍያው እዚህ ይጀምራል። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ስሌት ሥሪ። ሲፋጠን የሚጨምረውን ብር፣ በሚቀነሰው ቀን አካፍዪው። ለምሳሌ ልስኑን በተጨማሪ ለሳኞች ከ28 ወደ 18 ለማውረድ 20,000 ብር ተጨማሪ ቢያስወጣ፣ የአንድ ቀን ዋጋ 2,000 ብር ነው። ግንቡን ከ35 ወደ 28 ለማውረድ 28,000 ብር ቢጠይቅ፣ ቀኑ 4,000 ብር ወጣ። ርካሹን ቀን መጀመሪያ ግዢ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። እውነተኛውን ከፎርማኑ ነው የምታገኚው። አንድ ሥራ ባሳጠርሽ ቁጥርም ሰንሰለቱን እንደገና እዪው። ትናንት ትርፍ ቀን የነበረው ሥራ ዛሬ ማነቆ ሆኖ ሊጠብቅሽ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ 15ቱ ሰዎች ልናገር። ሚክሰሩ አንድ፣ ቫይብሬተሩም (አርማታ መጠቅጠቂያው) አንድ ከሆነ የቀን ሠራተኛ መጨመር አርማታውን አያፈጥነውም። የጎደለው የሠለጠነ እጅ ነው። የአስሩን ቀን ሠራተኛ ዋጋ ለሁለት ጎበዝ ግንበኛ ማዋል ይሻላል። ልስኑን በካሬ ቁርጥ መስጠትም ይቻላል። ያፈጥናል፤ ግን በየቀኑ ቱንቢና ውሃ ልክ ይዘሽ ካልተከታተልሽው የተጣመመ ግድግዳ ትረከቢያለሽ። ትርፍ ሰዓት ካሰባችሁም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ አይፈቅድም። ክፍያው በአዘቦት ቀን ከመደበኛው 1.5 እጥፍ ነው፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል 2.5 እጥፍ ይሆናል። ስሌትሽ ውስጥ አስገቢው።

ደግሞ ወሎ ውስጥ መሆንሽን ተጠቀሚበት። የግንበኛ ቡድኑ ከሁለቱም ሃይማኖት የተዋቀረ ከሆነ በዓል ሲመጣ ሳይቱ ሙሉ በሙሉ አይቆምም። በቅዱሳኑ ዕለት ሙስሊሞቹ ይሠራሉ፣ በጁምዓ ሰዓት ክርስቲያኖቹ ይቀጥላሉ። ቀበሌው ውስጥ ሥራ ፈጽሞ የማይነካበት ዕለት ካለ ግን አስቀድመሽ ሽማግሌዎቹን ጠይቂ፤ እሱን ቀን ከካላንደርሽ አውጪው።

ልስን 10፣ ግንብ 7 ቀን ከተገዛ፣ ከ25ቱ ጋር 42 ይሆናል። አርባው ቀን ተገኘ ብለሽ ደስ አይበልሽ፤ ገና ነው። ይኼ ስሌት ክረምቱን አላየም።

የአንቺ ቦታ ደጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ምን እንደሚመስሉ እኔ ልነግርሽ አይገባም። ስለዚህ የዚህ ሥራ ትልቁ ቀን ጳጉሜ 5 አይደለም፤ ጣሪያው የሚለብስበት ቀን ነው። ግንቡን 28 ቀን ውስጥ ካወጣችሁ፣ ትረሱም ተሠርቶ ከጠበቃችሁ፣ ሰኔ 23 ላይ መስቀል ትጀምራላችሁ። ሐምሌ 5 ላይ ቆርቆሮው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ዝናብ ቢዘንብም ልስኑ ከሥር ይቀጥላል። ጣሪያው በመጀመሪያው ፕላንሽ መሠረት ሐምሌ 30 ላይ ቢሆን ኖሮ ግን ክረምቱን ሙሉ እርጥብ ግንብ ስትጠብቂ ነበር። የጋሼን ተጨማሪ ብር ለመክፈል ምርጫ ካለሽ ከጣሪያው በፊት ላሉት ሥራዎች ክፈዪው። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ብሎኬቱ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን ሳይቱ ላይ ይራገፍ። ሰኔ ሲገባ የአካባቢው ሠራተኛ ወደ እርሻው እንደሚሄድም አትርሺ። ብዙ ሳይት ክረምት ላይ የሚቆመው እጁ ስለሰነፈ አይደለም፤ አሸዋ የጫነው መኪና ስላልደረሰ ነው።

አሁን ወደሚያስፈራሽ ነገር። ቢሙን።

አርማታ በሰባት ቀን የሚይዘው ጥንካሬ በ28 ቀኑ ከሚደርስበት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። እሱም ውሃ በደንብ ከጠጣ ነው። ደሴና አካባቢው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ብርድ ደግሞ አርማታን ያዘገየዋል። ፖዞላና (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት) ያለበት ሲሚንቶ ከሆነ የምትጠቀሙት መጀመሪያ ላይ የበለጠ ይዘገያል። የኮለን ጎን ቅርጽ በአንድና ሁለት ቀን ሊነሳ ይችላል። ከቢም ሥር ያለው ድጋፍ ግን 14 ቀን፣ ርዝመቱ ሰፋ ካለ እስከ 21 ቀን ይቆማል። ትክክለኛው ቁጥር በስፔሲፊኬሽናችሁ ተጽፏል፤ አውጪና አንብቢው። በበርና በመስኮቱ አናት፣ በተለይ በበረንዳው በኩል ያለው ድጋፍ በአምስት ቀን አይነካም። ጊዜ መግዛት ካስፈለገ ተራ ፖርትላንድ ሲሚንቶ መርጦ፣ የአርማታውን ጥንካሬ በናሙና ኪዩብ አስፈትሾ፣ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ በጽሑፍ ሲፈቅድ ነው። በሌላው ሁሉ ከጋሼ ጋር ተደራደሪ። በዚህ አንድ ነገር ላይ ግን እምቢ በይ። ድምፅሽን ከፍ ማድረግ አያስፈልግም። «ጋሼ፣ ይኼን አልፈርምም» በቂ ነው። የተሞላበትን ቀንም በሳይት መዝገቡ ላይ ጻፊው።

ሌላው ቀለሙ ነው። በክረምት የተለሰነ ግድግዳ ቶሎ አይደርቅም። ሐምሌ መጨረሻ የተለሰነውን ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከቀባሽው ልጆቹ ገና የመጀመሪያውን ፈተና ሳይፈተኑ ይላጣል። ስለዚህ ከ42ቱ ቀን ውስጥ እኔ የማምነው ሠላሳ ያህሉን ነው። የቀረው አንድ ሳምንት ዝናብ፣ አንድ የዘገየ መኪና ይበላዋል።

ታዲያ የጋሼ ቃል ይውደቅ? አይመስለኝም። ምን እንዳሉ እንደገና አንብቢው። ሰዎቹ የሰሙት ልጆቻቸው መስከረም ላይ በአዲሱ ክፍል እንደሚማሩ ነው። ሁለቱን ክፍል አስቀድማችሁ ብትጨርሱ፣ በርና መስኮቱ ተገጥሞ፣ ወለሉ ደርቆ፣ ቀለሙ ለበጋ ቢቆይ ልጆች ይማሩበታል። የቀሩት ሁለት ክፍሎችና ቀለሙ ደግሞ ውሉ በፈቀደው ጊዜ እስከ ጥቅምት ያልቃል። ለዚህ ከፊል ርክክብ የአሠሪውና የአማካሪው ፈቃድ ያስፈልጋል። ልጆች በሚማሩበት ግቢ ሥራ ስለሚቀጥልም አጥርና የተለየ መግቢያ ይኑረው። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን የምገፋው ይኼን ነው።

ለጋሼ እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? መጀመሪያ ወደ እሳቸው አትሂጂ። ወደ ፎርማኑ ሂጂ። መሳቃቸው እንዳሳዘነሽ ይገባኛል። ግን የሳቁት በአንቺ አይመስለኝም፤ ቁጥሩ የማይሠራ መሆኑን ስላወቁ ነው። ቡና ይዘሽ ተቀመጪና «እርስዎ ቢሆኑ ልስኑን በስንት ሰው በስንት ቀን ያስጨርሱታል?» በያቸው። እያንዳንዱን ሥራ እንዲህ አብራችሁ እዩት። የእሳቸው ቁጥር ከኤክሴልሽ ይበልጣል። ደግሞም ጋሼ ፊት ስትቀርቢ ብቻሽን አትሆኚም።

ከዚያ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጂ። ሦስት ምርጫ ይኑርበት። አንዱ ምንም ሳይጨመር ጥቅምት 10። ሁለተኛው ጣሪያው ሐምሌ 5፣ ሁለት ክፍል ለመስከረም፣ የቀረው ለጥቅምት፣ ወጪው ይኼን ያህል። ሦስተኛው ሁሉም ለጳጉሜ፤ ወጪው ይኼ፣ ሊበላሽ የሚችለው ይኼ ይኼ። የሥራ ተቋራጭ ዋጋ ሲያይ ያስባል። «አይቻልም» ስትያቸው የሚቆጡት ሰው «ይኼኛው ይኼን ያህል ያስወጣል» ስትያቸው እርሳስ ያነሳሉ።

ቤት ውስጥ ንገሪያቸው፤ ሳይቱ ላይ ሰው ፊት አይሁን። ስለ መጀመሪያው ወረቀት አታድበስብሺ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት አይሆንም ማለት ከበደኝ። ሩብ ሩቡን ነው የቆረጥኩት። አሁን በትክክል ሠርቼዋለሁ» በያቸው። ሊቆጡ ይችላሉ። ሊከፋቸውም ይችላል፣ ለጥቂት ቀን ሊያኮርፉ ይችላሉ። ያን ታገሺው። አሮጌው ወረቀት ግን ከዚያ ቀን በኋላ ለማንም አይታይ።

ለወላጆቹ የሚናገሩት ጋሼ ይሁኑ፤ ቃሉ የእሳቸው ነውና። «ሁለቱን ክፍል ለመስከረም፣ ሁለቱን ለጥቅምት» ብለው ራሳቸው ቢናገሩ ክብራቸው አይነካም። እንዲያውም እግረ መንገዳቸውን ሰውን ይጠይቁት። ለወለሉ ድንጋይ ማመላለስ፣ ለአርማታው ውሃ በአህያ ማምጣት፣ ግቢውን መደልደል በደቦ የሚሠራ ነው። ሰው ለልጁ ትምህርት ቤት ጅጌ ሲጠራ አይቀርም። ከፍታ ላይ የሚሠራውንና አርማታ ሙሌቱን ግን ለባለሙያዎቹ ተዉት።

ለከፊል ርክክቡ ደብዳቤውን ጋሼ እንደተስማሙ በማግሥቱ አስገቡ፤ መልሱ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ትረሱ በመጨረሻ ሰኔ 5 ላይ ወርክሾፕ መግባት አለበት፣ ወርክሾፖች ግን ማዘግየት ስለሚወዱ ግንቦት ሳያልቅ እዘዢው።